ከትርጉሙ በፊት የመጣ ስም

የልጄን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ላስ ቬጋስ፣ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአፓርታማችን ማዶ ባለው የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ ነው። ሆዴ ገፍቶ ነበር። አንዲት ፈረንጅ እናት በአንድ እጇ ጋሪ ይዛ፣ በሌላው የመኪናዋን በር እየከፈተች፣ በመኪኖቹ መካከል ወደምትሮጥ ትንሽ ልጅ ዞራ «ብሪንሊ!» ብላ ተጣራች። ልጅቷ ቆመች፤ ሳቀችና ወደ እናቷ ተመለሰች። ሌላ የሆነ ነገር የለም። እኔ ግን የገዛሁትን ወተት እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እኔ ጮክ ብዬ የማልናገር ሰው ነኝ። በልጅነቴ አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት ዝም እል ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም፣ መጀመሪያውኑ ክፍሉ ውስጥ መኖሬን ያላስተዋሉ ልጆች ሳይኖሩ አይቀሩም። አሜሪካ መጥቼም ያው ነኝ። የምሠራው ሆቴል ክፍል ማጽዳት ነው፤ ከመግባታችን በፊት በሩን አንኳኩተን «ሃውስኪፒንግ» ማለት አለብን። እኔ ስለው ሱፐርቫይዘሬ ትስቃለች። «እንደሱ ካልሽ ከበሩ በስተቀር የሚሰማሽ የለም» ትለኛለች።

ያቺ እናት በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስትጣራ ምንም አላፈረችም። ስሙ ደግሞ ለመጣራት የተሠራ መሰለኝ፤ መጀመሪያው ላይ ዝላይ አለው፣ መጨረሻው ላይ ይንሸራተታል። እስከ ቤት ድረስ በውስጤ እያልኩት ሄድኩ። ደረጃው ላይ ማንም እንደሌለ አየሁና አንድ ጊዜ በድምፅ አልኩት። ደስ አለኝ።

ባሌ ዳውንታውን ካሉት ካዚኖዎች በአንዱ ሴኩሪቲ ነው። ከሺፍት ሲመለስ ነገርኩት።

«ብሪንሊ? እኛ ጋ እንደዚያ የሚባል የቁማር ማሽን ሳይኖር አይቀርም» አለ ጫማውን እያወለቀ።

«ለልጃችን ነው የምልህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው? በርገሩ ላይ ሽንኩርት አትጨምሩብኝ ማለት የምታፍሪው አንቺ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይሁን» አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠ። «ለአባባ ማን ይነግራቸዋል?»

አባባ የምንላቸው አባቱን ነው። አዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ አሁን ኖርዝ ላስ ቬጋስ ከባሌ ታላቅ እህት ጋር ይኖራሉ። በባሌ ቤተሰብ ስም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ከመጽሐፍም ከዘመድም አይወስዱም። ልጁ በተወለደ ሰሞን ቤቱ ውስጥ የሆነውን ነገር ወስደው ስም ያደርጉታል። ባሌ የተወለደው እሳቸው ከሥራ ታግደው በተመለሱበት ወር ስለሆነ፣ ስሙ «መለሰን» እንደማለት ነው። የእህቱ ልጅ የተወለደችው እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን አባባ አዲስ አበባ ሆነው ከጎረቤት ጋር በአጥር ይካሰሱ ነበር። ፍርድ ቤት በፈረደላቸው ሰሞን በስልክ ስም አወጡላት። ስሟ «ፈረደልን» እንደማለት ነው። አሁን ኮሌጅ ልትገባ ነው። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ሰው ስለ ስሟ ሲጠይቃት ግን «እኔ'ኮ የአያቴ አጥር ነኝ» ትላለች።

ስለዚህ እኔ ያደረግሁት ነገር በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም። ሌላው ሰው ነገሩን ይዞ ስም ይፈልግለታል። እኔ ስሙን ወድጄ ነገሩን አላውቀውም።

ልጄ በተወለደች ማግስት አባባና የባሌ እህት ሆስፒታል መጡ። አባባ ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቷን አየት አደረጓትና «ማን አላችኋት?» አሉ፤ እሳቸው እስኪያወጡላት እንደምንጠብቅ እርግጠኛ ሆነው፣ ለጨዋታ ያህል።

ባሌ «ብሪንሊ» አለ።

«ምን?»

«ብሪንሊ አባባ። እሷ ናት የመረጠችው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ትርጉሙ ምንድን ነው ልጄ?»

ባሌ እኔን አየኝ። እኔ የልጅቷን ብርድ ልብስ አየሁ።

አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ የቤት ቁጥር ሰጥታችኋታል ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አንድ አዘጋጅቼላት ነበር። ‹ቤቱ ሞላ› ማለት ነው።»

ባሌ «አባባ፣ የልደት ወረቀቱ ላይ ተሞልቷል'ኮ» አለ።

«ወረቀቱን ማን ነካብህ? ልጄ፣» አሉኝ፣ «ክርስትናዋ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ትርጉሙን ትነግሪኛለሽ። ስም ሆኖ ካገኘሁት እኔም በሱ እጠራታለሁ። ካልሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው እዚያው ይቀመጥ፤ እኛ በኔ እንጠራታለን። ፍርዱ ትክክል አይደለም?»

በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ወረቀት ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ለእኔ እናቴ አንድ ስም አውጥታልኝ ነበር። የአባቴ ወገኖች ሌላ አወጡ፤ ያደግሁት በዚያ ነው፤ ትምህርት ቤትም፣ ቪዛዬም ላይ ያለው እሱ ነው። እናቴ ባወጣችው የምትጠራኝ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነበር፣ እሱንም ዝቅ ባለ ድምፅ። ሰው ሲመጣ ትተወዋለች። ዛሬ ከእኔ በቀር ያንን ስም የሚያውቅ ሰው የለም። ልጄን እንደዚያ ከሰው ተደብቄ መጥራት አልፈለግሁም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ጊዜ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የባሌን እህት ልጅ ነው። ሶፋችን ላይ እግሯን አጥፋ ስልኳ ላይ ሰርች አደረገች።

«ኦኬ፣ ይሄኛው ሂል ይላል። ኮረብታ። ኬልቲክ ነው ይላል፣ የድሮ ሰዎች፣ አየርላንድ ምናምን። ይሄኛው… ልዕልት ይላል። አይመስለኝም፣ ሁሉንም ስም ነው ልዕልት የሚሉት። ይሄኛው ደግሞ…» ዝም አለች።

«ምን ይላል?»

«የተቃጠለ ሜዳ።»

«ምን?»

«የተቃጠለ። ሶሪ።»

ለማንም አትንገሪ አልኳት። እሷም ለእናቷ ብቻ ነገረች። እናቷ በነጋታው ደወለችልኝ።

«የተቃጠለ ሜዳ? በእመቤቴ! ሰው ልጁን የተቃጠለ ሜዳ ይላል?»

«እትዬ፣ ገና እያጣራሁ ነው።»

«ምኑን ነው የምታጣሪው? እሳቱ ጠፍቶ እንደሆነ ነው?»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እሳቱ ያለችው ነገር አሳቀኝ።

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አሉ። ጀርባቸው እንደ ወጣት ቀጥ ያለ ነው፤ ጥፍራቸው ሁልጊዜ ቀይ ነው። በወጣትነታቸው እዚህ ከተማ መድረክ ላይ በላባ አጊጠው ከሚጨፍሩት አንዷ ነበሩ ይባላል። እኔ ከእጅ ሰላምታ በላይ አናግሬያቸው አላውቅም። አንድ ቀን ባሌ ከሳቸው ጋር ደረጃው ሥር ቆሞ ሲያወራ፣ የትውልድ አገራቸው ዌልስ እንደሆነች ነገሩት። ዌልስ ከእንግሊዝ ጎን ያለች፣ የራሷ የቆየ ቋንቋ ያላት አገር ናት። «የኬልት ዘር ነን አሉኝ፤ አንቺ የመረጥሽው ስም ከዚያ አይደል የሚሉት?» አለኝ ሲገባ።

በማግስቱ ልጄን አቅፌ ወረድኩና በሩን አንኳኳሁ። አልሰሙም። እንደገና፣ ጠንከር አድርጌ አንኳኳሁ።

ከፈቱልኝ። ልጅቷን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ማን ትባላለች?» አሉ።

«ብሪንሊ።»

ሳቁ። ትንሽ ፈገግታ ማለቴ አይደለም፤ በሩን ተደግፈው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ልመለስ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ግቢ፣ ግቢ፣ በልጅቷ አይደለም የሳቅሁት» አሉ።

ተቀመጥን። የኔ እንግሊዝኛ የሆቴል እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ብሪን የሳቸው ቋንቋ ነው። ኮረብታ ማለት ነው። ካደጉበት ቤት ጀርባ አንድ ብሪን ነበር፤ በጎች ይወጡበታል፣ ልጆች ይንከባለሉበታል። የሰው ስምም ነው፣ ግን እነሱ ጋ በሱ የሚጠሩት ወንዶች ናቸው።

«ጢማም ወንዶች» አሉና እንደገና ሳቁ። «ለዚህ ነው የሳቅሁት።»

«‹ሊ› የሚለውስ?» አልኳቸው።

«ሊ የኛ አይደለም። የእንግሊዞች ነው። ጫካ መካከል ዛፉ ተነስቶ ሣር የበቀለበት ቦታ፣ መስክ። አሜሪካኖች ከእኛ ኮረብታውን፣ ከእንግሊዞች መስኩን ወሰዱና አያያዟቸው። ቅርብ ጊዜ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ የምትባል ሴት በዓለም ላይ አልነበረችም።»

የተቃጠለውን ጠየቅኋቸው። እሱ ሌላ ነው አሉ፤ በድምፅ የሚቀራረብ የድሮ የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ነው። ሰዎች ጫካ በእሳት መንጥረው የሰፈሩበት ቦታ ማለት ነው። ኢንተርኔት ሁለቱን ይደባልቃቸዋል።

ደስታም ኀዘንም ያዘኝ። ኮረብታውና መስኩ ደስ አለኝ። ግን የድሮ የመሰለኝ ስም ድሮ የሌለው ሆነ።

«እንግዲያው እውነተኛ ስም አይደለም?» አልኳቸው።

ግድግዳቸው ላይ ወዳለው ፎቶ ጠቆሙኝ። ፎቶው ላይ አንዲት ቆንጆ ረጅም ወጣት የላባ አክሊል ደፍታለች። «እኔ መድረክ ላይ የወጣሁት እናቴ ባወጣችልኝ ስም አይደለም» አሉኝ። «አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን ነው የፈጠርነው። ሃያ ዓመት ሰው ያጨበጨበው ለሱ ነው። የውሸት ነው በይኛ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መናገር ተለማመድኩ። ባሌ ሥራ ሲሄድ ልጄን አልጋው ላይ አስተኝቼ ፊቷ እቆማለሁ። «የተከበራችሁ እንግዶች» ብዬ እጀምራለሁ። ታዛጋለች። ዳይፐር እየቀየርኩ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ጥሩ ተናጋሪ ነኝ።

ክርስትናው ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች፤ ካህኑ የክርስትና ስሟን ሰጧት። በሱ የተጣላ የለም፤ እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ በአፓርታማችን የጋራ አዳራሽ፣ ክለብ ሃውስ በሚሉት፣ ግብዣ ነበር። ከታች ያሉት አሮጊት ትልቅ ባርኔጣ አድርገው መጥተው ከአባባ አጠገብ ተቀመጡ። ቋንቋ ለቋንቋ ባይግባቡም አባባ የጥብሱን ለስላሳ እየመረጡ ሳህናቸው ላይ ያደርጉላቸው ነበር።

ሰው በልቶ ሲያበቃ አባባ ተነሱ። ወሬው ጸጥ አለ።

«ዛሬ አንድ ቀጠሮ አለብን» አሉ። «ይህች ልጅ ስም አላት ይላሉ። እኔ ደግሞ ያዘጋጀሁላት አለ። የልጅቷ እናት የሷን ስም ታስረዳናለች፤ እናንተ ምስክር ናችሁ።»

ባሌ ተነሳ። «አባባ፣ እኔ ልናገርላት።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ቁጭ በል።»

ሰው ሳቀ። ተነሳሁ። «የተከበራችሁ እንግዶች» አልኩ።

«አይሰማም!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ማይክ ስጧት!»

«ከበሩ በስተቀር የሚሰማሽ የለም» የሚለው የሱፐርቫይዘሬ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ልጄን ከባሌ እጅ ተቀበልኩና ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። «ማይክ አያስፈልግም» አልኩ፤ ይህኛው ተሰማ። እኔም ሰማሁት።

«ስሙን የወደድኩት ትርጉሙን ሳላውቅ ነው» አልኩ። «አንዲት እናት ልጇን ስትጠራበት ሰምቼ ነው። እኛ ጋ እንደዚያ እንደማይደረግ አውቃለሁ። በኋላ ግን ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ብሪን በዌልስ ቋንቋ ኮረብታ ማለት ነው። አገሩ የእኒህ እናታችን አገር ነው፤ ኬልት የሚባሉት የቆዩ ሕዝቦች አገር። ሊ በእንግሊዞች መስክ ነው። አንድ ላይ ኮረብታና መስክ ነው። እሷን ሳምጥ የነበርኩበት ክፍል መስኮቱ ወደ ኮረብታ ነበር። ምጡ ሲመጣ ሌላ የማየው ስላልነበረኝ እሱን ሳይ ነው የወለድኳት። አባባ ስም ሲያወጡ ልጁ ሲወለድ የሆነውን ይላሉ። ይህም የሆነ ነው።»

አባባ አገጫቸውን ዳበሱ። «ኮረብታውስ ይሁን» አሉ። «መስኩ የታለ? እዚህ በረሃ ላይ ምን መስክ አየሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ድሮ ቢሆን እዚህ ጋ ነበር ዝም የምለው። ያጠናሁት ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ግን መልሱን አውቀዋለሁ፣ ከሥራ ነው የማውቀው።

«ቬጋስ ራሱ መስክ ማለት ነው አባባ» አልኩ። «በስፓኒሽ። አብረውኝ ክፍል የሚያጸዱት ሜክሲኮዎች ነግረውኛል። ድሮ መንገደኞች እዚህ ሲደርሱ ምንጭና ሣር አግኝተው ነው ላስ ቬጋስ ያሉት። የተወለደችው መስክ በሚባል ከተማ ነው።»

ሳቁ ቆመ። አንድ ሰው «እንዴ!» አለ። በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ የታክሲ ሾፌሮች እርስ በርስ ተያዩ። «አሥራ አምስት ዓመት ነዳሁበት'ኮ» አለ አንዱ።

የባሌ እህት እጇን አወጣች። «የተቃጠለውስ ነገር?»

«እትዬ፣ እሱ የሌላ ሰው ስም ነው። ቢሆንም አያሳፍርም፤ መንጥሮ የሰፈረ ሰው ነው። እኛ ሁላችን እዚህ ምን አደረግን?»

«እሱስ እውነት ነው» አለችና ተቀመጠች።

አባባ ገና አልጨረሱም። «ከሷ በፊት በዚህ ስም ማን ተጠርቷል? ንግሥት አለች? ጻድቅ አለች?»

«ማንም የለም» አልኩ። «አዲስ ነው። አሜሪካኖች በቅርቡ ሁለት ቃል አያይዘው የሠሩት ነው። እርስዎስ አባባ፣ የልጆችዎን ስም ከማን ወሰዱት?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥሁት። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

አባባ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይስቁ ነበር።

«ከማንም!» አሉ። «ከማንም አልወሰድኩም! መሪ ይዤ፣ መብራት ላይ ቆሜ፣ ራሴ ነኝ ቃሉን ከቃሉ የማያይዘው። ይኸው ሰማችሁ፤ በቤቴ ሌላ ስም አውጪ ገብቶ እኔ አላወቅሁም!»

እጃቸውን ዘረጉ። ልጄን ሰጠኋቸው። ባርኔጣ ያደረጉት አሮጊት፣ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው፣ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተለ። አባባ በአንድ እጃቸው ሰዉን ዝም አሰኙና ልጅቷን ከፍ አደረጓት።

«ብሪንሊ» አሉ። ቃሉን እንደ አዲስ ጫማ ቀስ ብለው ረገጡት። «ብሪንሊ! እንደ ስምሽ ከፍ በይ!»

«አሜን!»

«እንደ ስምሽ ለምልሚ!»

«አሜን!»

«በረሃ ላይም ቢሆን!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ፣ ሳቅ በተቀላቀለበት ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ልጄ ወደ እኔ ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት። የባሌ እህት «ብሪንሊን ወዲህ በሏት፣ አክስቷ አላቀፈቻትም» አለች። ከሷ የታክሲ ሾፌሮቹ ሚስቶች ተቀበሏት። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞር ስሟም አብሯት ይዞር ነበር፤ አንዱ ያስረዝመዋል፣ አንዱ ያሳጥረዋል፣ አንዷ ደግሞ «ብሪንሊዬ» አለቻት። እኔ ቆሜ እሰማ ነበር። ማንም ዝቅ ባለ ድምፅ አልጠራትም።

አባባ ከአዳራሹ ጫፍ ሆነው በጣታቸው አመለከቱኝ። «ልጄ! ያዘጋጀሁትን ስም አልጣልሁትም። ለሚቀጥለው ልጅ አስቀምጬዋለሁ!»

በመካከላችን ያ ሁሉ ሰው ነበር። ወደ እሳቸው መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም።

«ግድ የለም አባባ!» አልኩ ከቆምኩበት። «ያን ቀን ደግሞ እርስዎ ተነስተው ያስረዱናል!»

እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።